በሙሽራዋ መዳፍ ላይ ያለችው አበባ

ትናንት ስልኬ ጠራ፤ የማላውቀው ቁጥር ነበር። አንስቼ ሃሎ ከማለቴ «ሚጢዬ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። በቃ፣ ማን እንደሆነች ወዲያው አወቅኩ። አሁን አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፤ በቁመት እናቴን አልፌያታለሁ። ሚጢዬ ብሎ የሚጠራኝ የቀረ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሷም የካዛንቺሱ ግቢያችን ሙሽራ ናት።

ወሬው ይኸውላችሁ። የአክስቷ ልጅ ልታገባ ነው፤ ቅዳሜ ሂና አለ፤ የሙሽራዋን እጅ የምሠራው እኔ ነኝ። የፈለጉኝ ደግሞ አክስትየዋ ራሳቸው ናቸው። ይህን ስትነግረኝ ሳላውቀው አልጋዬ ላይ ወጥቼ ቆሜ ነበር። እሳቸው ማለት... ቆይ፣ እሳቸው ማን እንደሆኑ ካልነገርኳችሁ ደስታዬ አይገባችሁም። መጨረሻ ላይ ስልኩን ተቀብለው የነገሩኝን ቃልም እንዲሁ ብነግራችሁ ምንም አይመስላችሁም። ስለዚህ ከሂናው ልጀምር።

ስልኩ እንደተዘጋ ሱቅ ሮጬ አንድ ፓኬት ሂና ገዛሁ። ጫፉን በጥርሴ ቀድጄ ስከፍተው ሽታው ወጣ፤ ዝናብ እንደነካው ድርቆሽ፣ ከሥሩ ደግሞ እንደ ደረቅ ሻይ ቅጠል ያለ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ያን ሽታ የማውቀው ከአቧራ ጋር ተቀላቅሎ ነው። ከዶዘር አቧራ ጋር።

ያን ጊዜ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። የምንኖረው ካዛንቺስ፣ ቤቶቹ ግድግዳ በሚጋሩበት የቀበሌ ግቢ ውስጥ ነበር፤ አንዱ ቤት ሲያስነጥሱ ከሌላው ቤት «ይማርሽ» የሚባልበት። የእኛና የሙሽራዋ ቤት በር ለበር ነበር። በመሀል የልብስ ገመድና አንድ የውኃ ቧንቧ ብቻ አሉ። እነሱ ሙስሊሞች፣ እኛ ክርስቲያኖች ነን፤ ግን ይህ ነገር ግቢያችን ውስጥ ትዝ የሚለን ሥጋ የተገዛ ቀን ብቻ ነበር።

እናቴ ለሱቆች የሀበሻ ቀሚስ ጥልፍ ትሠራ ነበር። የግቢው ሰው በቀልድ «ጠላፊዋ» ይላታል። አዲስ ተከራይ ሲመጣ ይህን ሰምቶ ይደነግጣል፤ አውሮፕላን የጠለፈች ይመስለዋል። እኔም የጠላፊዋ ልጅ ነበርኩ። እናቴ በራችን ላይ ተቀምጣ፣ ብርሃኑ ሲዞር አብራ በርጩማዋን እያዞረች ትጠልፋለች፤ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ንድፎቿን በወረቀት እገለብጣለሁ። አንድ ሕግ ነበራት። «መሀሉን መጀመሪያ ያዢ» ትለኛለች። አንድ መስመር በቁም፣ አንድ መስመር በአግድም፤ መሀሉ ከተያዘ ሌላው ራሱ ቦታውን ያገኛል። እሷ ግን መስመሩን የምታሰምረው በጠመኔ ነበር። ጥልፉ ሲያልቅ ጨርቁን ታራግፈዋለች፣ ጠመኔው ይበናል። ይህቺን ነገር ያዙልኝ።

ሂና ያስተማረችኝ ሙሽራዋ ናት፤ ማለቴ ሙሽራ ከመሆኗ በፊት። ኢድ ሲደርስ የግቢውን ሴቶች ልጆች ትሰበስባለች። ዱቄቱን በሳሳ ሻሽ ትነፋለች፣ በቀዘቀዘ ሻይና በሎሚ ታቦካለች፣ ትንሽ ስኳር ጣል ታደርጋለች፣ ሸፍና ታሳድረዋለች። በማግስቱ የፌስታል ቁራጭ ጫፉ እንዲሾል አድርጋ ትጠቀልልና ሂናውን ትሞላበታለች። ያንን ነገር እኛ «ቀንዱ» ነበር የምንለው። ለጀማሪ ሦስት ነገር ይበቃል ትለን ነበር፤ ነጥብ፣ ቅጠል፣ ሐረግ። ነጥብ ማለት ጫን አድርጎ ማንሳት ነው። ቅጠል ማለት ነጥቡን ተጭኖ ወደ አንድ በኩል መጎተት ነው። ሐረግ ደግሞ ትንፋሽን ይዞ እጅ ሳይቆም መሄድ ነው። እኔ የዱቄት ሊጥ ቀንድ ውስጥ ሞልቼ በጥቁር ትሪ ጀርባ ላይ ተለማመድኩ። ትሪው ሲሰለቸኝ ወደ ጉልበቴ ዞርኩ። በስፖርት ክፍለ ጊዜ ቁምጣ ስለብስ ጉልበቴ ላይ ቅጠል ይታይ ነበር፤ ክፍል ውስጥ «ችግኝ ጣቢያ» የሚል ስም አትርፌያለሁ።

ሠርጉ በጥድፊያ የመጣው በዶዘሩ ምክንያት ነው። ሠፈሩ ይነሳል ተብሎ ከጀርባችን ያለው ግቢ ፈርሶ ነበር፤ የእኛም ተራ መድረሱን ሁሉም ያውቃል። የሙሽራዋ እናት ደግሞ «ልጄ ከተወለደችበት በር ነው የምትወጣው» አሉ፤ ከዚህ ቃል ወይ ፍንክች። ስለዚህ የሠርጉ ቀን ወደፊት ተሳበ። ግድግዳው በተንቀጠቀጠ ቁጥር ሴቶቹ ሽንኩርት መክተፉን ያቆሙና እርስ በርስ ይተያያሉ፤ ከዚያ መልሰው ይከትፋሉ።

የሂናው ቀን አክስትየዋ ከጠዋት ጀምሮ መጡ። ቄራ አካባቢ የጨርቅ ሱቅ ያላቸው፣ ረጅም፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን የማያነሱ ሴት ናቸው። ድምፃቸውን አለማንሳታቸው ነበር የሚያስፈራኝ። በዚያ ቀን የሙሽራው ወገን ሴቶች ከመግሪብ ሶላት በፊት መጥተው የሙሽራዋን እጅ ያያሉ። እጅ ማየት ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ቤተሰቡ ለልጁ ምን ያህል እንደተጨነቀ የሚለካው በእሱ ነው። አክስትየዋ «የሂናው ነገር በእኔ ይሁን» ብለው፣ ከሠፈራቸው ስሟ የታወቀ የሂና ባለሙያ ቀጥረው ነበር።

ባለሙያዋ አልመጣችም። ከሰዓት በኋላ ደወለች። መስቀል አደባባይ ጋ መንገዱ ለባቡሩ ተቆፍሮ፣ የቀረውም ተዘግቶ፣ ታክሲው ወደ ኋላ መልሷታል። በእግር እንዳትመጣ ሌላ ሙሽራ ትጠብቃታለች። አክስትየዋ ስልኩን ዘጉ። ከዚያ በለሆሳስ፣ እንደ ድሮው መዳፏንና ጣቶቿን ድፍን አድርገን እንገላገል አሉ። ድፍን የሚሉት ያለ ምንም ንድፍ መሀሉን እንደ ሙሉ ጨረቃ መቀባት ነው።

የሙሽራዋ ዓይን እንባ ሞላ። አላለቀሰችም፤ ግን ሞላ። ከዚያ ወደ በሩ ዞረችና እኔን አየች። እኔ የተላክሁትን ሎሚ ይዤ ቆሜ ነበር።

«ሚጢዬ ትሠራልኛለች» አለች።

አክስትየዋ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «ይህቺ የጠላፊዋ ልጅ?»

«ኢድ ላይ የግቢውን ልጆች በሙሉ የሠራችው እሷ ናት።»

«የልጆች እጅና የሙሽራ እጅ አንድ ነው እንዴ? ከቀንዱ የማትበልጥ ልጅ ናት።»

ሙሽራዋ እጇን ወደ እኔ ዘረጋች። አሁን ሳስበው ያ እጅ ሲዘረጋ የተሰማኝን ነገር ለመጻፍ ቃል ያጥረኛል። ባበላሸው የማፍረው እኔ ብቻ አልነበርኩም። እሷ በአማቶቿ ፊት ትዋረዳለች፤ እናቴም «ያቺ የጠላፊዋ ልጅ ናት ያበላሸችው» እየተባለች ስሟ ይነሳል። አክስትየዋ፣ በይ ቢስሚላህ አሉ፤ መዳፏ ግን ባዶ እንዳይሆን፣ እጇን ስትዘረጋ መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው ብለው አስጠንቅቀውኝ ወደ ማጀት ሄዱ።

ጣቶቿን በሰላም ጨረስኩ። ነጥብ፣ ቅጠል፣ ነጥብ፣ ቅጠል። ከአመልካች ጣቷ ሥር እስከ አንጓዋ ሐረግ ሳብኩ፤ አንዴም አልተሰበረብኝም። ውጭ ዶዘሩ ያጓራል፤ ከጣራው ሥር አቧራ እንደ ዱቄት እየረገፈ በበሩ ብርሃን ውስጥ ይዋኛል። አቧራው እርጥቡ ሂና ላይ እንዳያርፍ ሙሽራዋ በግራ እጇ ነጠላ ከፍ አድርጋ እንደ ጥላ ይዛልኛለች። በዚያ ጥላ ሥር ሁለታችን ብቻ ነበርን።

ወደ መዳፏ መሀል ስደርስ ቆምኩ። ለመሀል የሚሆን ንድፍ አላውቅም ነበር። የልጆች መዳፍ ላይ የምሠራው ትንሽ ነጥብ እዚህ ሜዳ ላይ እንደወደቀ ሽንብራ ይሆናል። የማውቀው ትልቅ ንድፍ የእናቴን ብቻ ነበር፤ ቀሚሱ ደረት ላይ የሚወርደውን። «መሀሉን መጀመሪያ ያዢ» የሚለው ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ መጣ፤ እጄም ታዘዘ። አንድ በቁም። አንድ በአግድም። ጫፍ ጫፋቸውን ደግሞ እናቴ እንደምታደርገው ሹካ ሹካ አስመስዬ ከፈልኳቸው። ደስ አለኝ። ቀጥ ያለ፣ የማይንቀጠቀጥ፣ ውብ ነበር።

«ሚጢዬ» አለች ሙሽራዋ በጣም ቀስ ብላ። «ይሄ ምንድን ነው?»

ቀና ብዬ መዳፏን ከራቅ አድርጌ አየሁት።

መስቀል ነበር። ከጫፍ እስከ ጫፍ ያጌጠ፣ የጥምቀት ቀን የሚወጣ የሚመስል መስቀል፣ ነገ የጋብቻ ኒካህ በሚታሰርላት ልጅ መዳፍ ላይ።

ጠመኔ ቢሆን አራግፈው ነበር። ሂና ግን አይራገፍም። ጨርቅ ስፈልግ እጄን ያዘችኝ፤ የዚያ ቀን ሂና ሎሚው ገብቶታል፣ ወዲያው ይይዛል፣ ብንጠርገው ብርቱካናማ መስቀል ሆኖ ይቀራል። ይህን እየነገረችኝ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። የምታለቅስ መስሎኝ ነፍሴ ልትወጣ ደረሰ። እየሳቀች ነበር። ድምፅ ሳታወጣ፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ ዓይኗ እንባ እያፈሰሰ።

«አክስቴ ካየች» አለችኝ ትንፋሿ እየተቆራረጠ፣ «ሁለታችንንም በዚሁ ቀንድ ነው የምትወጋን።»

«አትሳቂ በናትሽ፣ እጅሽ ይንቀጠቀጣል።»

ከማጀቱ በኩል የአክስትየዋ ጫማ ድምፅ ተሰማ። የሎሚና የስኳሩን ጭማቂ፣ ሂናው ሲደርቅ የሚቀባውን፣ በጎድጓዳ ሳህን ይዘው እየመጡ ነው። በግቢው ማዶ እናቴ በራችን ላይ ተቀምጣ ትጠልፋለች፤ መርፌዋ ከፍ ዝቅ ሲል ይታየኛል። ልጠራት ፈለግሁ፣ ግን ምን ብዬ? ያን ጊዜ የሙሽራዋ ትምህርት ትዝ አለኝ። ነጥብ፣ ቅጠል፣ ሐረግ። ከነዚህ ውጭ ምን አውቃለሁ? በመስቀሉ ክንዶች መሀል ባሉት አራት ባዶ ቦታዎች ላይ ቅጠል መጎተት ጀመርኩ። አንድ። ሁለት። ሦስተኛው ላይ ዶዘሩ ግድግዳውን ነቀነቀውና ቅጠሉ ተጣመመ፤ አቃናሁት። አራተኛውን ስጨርስ ሹካ ሹካ ያልኳቸውን ጫፎች አወፍሬ ቅጠል አደረግኳቸው። አሁን ስምንት ቅጠል ያላት አበባ ትመስላለች። ለማያውቅ ሰው። ለሚያውቅ ሰው ግን መሀሏ ላይ ያቺ ቁም፣ ያቺ አግድም፣ አሁንም ቁልጭ ብለው ይታያሉ።

ብርሃኑ ጠፋ። አክስትየዋ ከበላያችን ቆመው ነበር።

ሙሽራዋ ሳቋን ውጣ ጣራ ጣራ ታያለች። እኔ ቀንዱን እንደያዝኩ ደርቄያለሁ፤ ጫፉ ላይ ያለው ሂና ያብጥና ሊንጠባጠብ ይደርሳል። አክስትየዋ ሳህኑን መሬት አስቀመጡ፣ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ተንበረከኩ፣ እጃቸውን ዘረጉ።

«ቀንዱን ስጪኝ» አሉ።

ሰጠኋቸው። የአበባዋ መሀል ላይ ጭምቅ አድርገው አንድ ጉብታ ሂና አፈሰሱና፣ በአውራ ጣታቸው ቀስ እያሉ አዞሩት። መሀሉ ክብ ሆነ፤ ድፍን፣ እንደ ሙሉ ጨረቃ። ቁሙም አግድሙም ሥሩ ገባ።

«የእኛም ደንብ ይግባበት» አሉና ቀንዱን መለሱልኝ። «ቀጥይ፣ ግራ እጇ ይጠብቅሻል።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ አላመኑኝም ብዬ አኩርፌ ነበር። ያን ያህል ለፍቼ ያዳንኳትን አበባዬን በአውራ ጣታቸው የረገጧት መስሎኝ ነበር። ግራ እጇን ስሠራ ግን ያቺኑ አበባ ደገምኳት፤ መሀሏን ድፍን አድርጌ ጀምሬ።

አማቶቹ መጡ። ሂናው ደርቆ ሲፈረፈር መዳፏ ላይ የወጣው ቀለም አሁን ድረስ ዓይኔ ላይ አለ፤ ዳር ዳሩ እንደ ብርቱካን፣ ሂናው የበዛበት መሀሉ ግን እንደ ተቆላ ቡና ጠቁሮ። አንዷ ፀሐይ ነው አለች፤ ሌላዋ የለም የሱፍ አበባ ነው አለች። አክስትየዋ ሻይ እየቀዱ፣ ቀና ሳይሉ፣ የዚህ ግቢ አበባ ነው አሏቸው። እናቴም እንኳን ደስ አላችሁ ልትል ገባች። የሙሽራዋን እጅ ጥልፍ እንደምታይ አድርጋ ወደ ዓይኗ አስጠግታ ቆየች፤ ጣቷ ከቅጠል ቅጠል ሄደ። ከዚያ ስታልፍ ጆሮዬ ሥር «መሀሉን ይዘሻል» ብላኝ ወጣች። ይህን ስትል ምን ያህሉን እንዳወቀች እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም።

ሙሽራዋ ከተወለደችበት በር ወጣች። ሂናው ከእጇ ሳይለቅ ግቢው ፈረሰ። እኛ ኮንዶሚኒየም ገባን፤ ልብስ ለማስጣት ሦስት ፎቅ እንወርዳለን፣ በር ለበር ያለው ሰው ማን እንደሆነ አናውቅም። ቀንዱን የያዝኩባቸው ሁለት ጣቶቼ ጫፋቸው ብርቱካናማ ሆኖ ቆይቶ ነበር። በየጠዋቱ አያቸዋለሁ፤ እየፈዘዙ፣ እየፈዘዙ ሄደው አንድ ቀን ጣት ብቻ ሆኑ። አሁን በዚያ በኩል በታክሲ ሳልፍ የቆርቆሮ አጥርና ከጀርባው የቆመ የመስታወት ፎቅ ነው የማየው። ቧንቧው የቱ ጋ እንደነበር ለመገመት እሞክራለሁ፤ ታክሲው ግን አይቆምልኝም።

እንግዲህ ትናንት፣ ሙሽራዋ ስልኩን ለአክስትየዋ ሰጠቻቸው። ሰላምታቸው አጭር ነው። እናትሽ ደህና ናት ወይ፣ ዓይኗስ፣ አሁንም ትጠልፋለች ወይ አሉኝ። ልጃቸው ከምንም በላይ ያቺን አበባ እንደምትፈልግ ነገሩኝ። ሴቶች ይበዛሉ፣ እጅ ያንሳል፣ ጓደኞችም ካሉሽ ይዘሻቸው ነይ፣ ባይችሉም እዚሁ ይማራሉ አሉ። ልሰናበታቸው ስል ድምፃቸውን የበለጠ ዝቅ አደረጉት።

«ስሚ የጠላፊዋ ልጅ፤ አሁን ግን ከነጥብ ጀምሪ።»

ስልኩ ከእጄ ሊወድቅ ነበር። ያን ቀን መስቀሉን አይተውት ነበር እንዴ አልኳቸው።

«ዓይን የለኝም እንዴ?» አሉ። «ምን ልበል ታዲያ? ሠፈሩ በላያችን እየፈረሰ፣ እኔ ደግሞ ልጨምርበት?» ከዚያም ሳቁ። ሲስቁ ሰምቻቸው አላውቅም ነበር።

ስለዚህ ተጠርታችኋል። እሳቸው ጓደኞችሽን አሉ፤ እኔ እናንተን ነው ያሰብኩት። ቅዳሜ መምጣት ባትችሉ ዛሬውኑ ዱቄቱን በሻሽ ንፉት፣ በሻይና በሎሚ አቡክታችሁ አሳድሩት፣ ፌስታል እንደ ቀንድ ጠቅልሉ። በትሪ ጀርባ ተለማመዱ። ከዚያ በር ለበር ያለችውን፣ ስሟን የማታውቋትን ጎረቤት በር አንኳኩና እጅሽን አበድሪኝ በሉ። እኔም ነገ ፊት ለፊታችን ያለውን በር ላንኳኳ ነው። እጃችሁ ቢንቀጠቀጥ አትፍሩ፤ ቅጠል የማይሸፍነው ስህተት ጥቂት ነው።

መሀሉን ግን ከነጥብ ጀምሩ።